የላም ቋንቋ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣
ክረምት ውሃው ተኝቶ ሰማይ መስሎ ሲታይ፣
አራት አባወራ ነበሩ፣ ከጀርመን የመጡ፣
ውርጭ ከለመደ አገር ወደ ውርጭ ያመለጡ።
ለምን እንደመጡ ማን ይጠይቃቸው፤
«ጦርነት» ይሉና ይዘጋል አፋቸው።
አባቴ በዳዳ የከብቱ ኃላፊ፣
እኔ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ባልዲ ይዤ ተሰላፊ።

ኮፕከ የሚሉት ሰው፣ ጺመ ቀይ የነበረ፣
ረግረጉን በገመድ ለክቶ ቦይ አስቆፈረ፣
መሬት በክር የሚሰፋ ይመስል እየወጠረ።
ውሃው እሺ ብሎ ወረደ አንድ ዓመት፤
በሁለተኛው ክረምት ተመለሰ ወደ ቤት።
አባቴ አልሳቀበትም። «ይህ ሜዳ በሐምሌ
ጌታ የለውም» አለ፤ መስከረም ሲጠባ ግን
አካፋውን አነሣ፣ ቦዩን ሊጠርግ።

ጎመን በበርሜል፣ በጨው ረግጠው ይቀብራሉ፤
ሳምንት ሲሆነው ሽታው አጥር ይሻገራል፤
መንደሩ «ጀርመን ጎመኑን ገደለው» ይላል።
እኔ ግን ቀምሼዋለሁ፣ ተደብቄ ከእናቴ፤
እንደ ሎሚ ነው፣ እንደ እርሾ፤ አልሞተም በእውነቴ።

የበዓል ነገር ብቻ ነበር የሚያጣላቸው።
በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም
አባቴ እርፍ አይጨብጥም፣ ማጭድ አይነካም፤
እሑድ ደግሞ ኮፕከ ኮቱን ለብሶ ይቀመጣል፣
ድርቆሹ ደመና ሥር ተዘርግቶ እያየ።
እርሻው በዓመት ስንት ቀን እንደቆመ
በየልባቸው ቆጥረው ይካሰሳሉ።
ላም ግን በዓል የላትም።
ሚካኤልም ይሁን እሑድ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ
ግቷ ሞልቶ እምቧ ትላለች፤
ሁለቱም ፋኖስ ይዘው ይወጣሉ፣ ሳይነጋገሩ።

የምታልበው ኦቲልየ ናት፣ የኮፕከ ሚስት።
ሊዝልን፣ ባለ ነጭ ግንባሯን፣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ
«ኮም፣ ሊዝል፣ ኮም» ትላታለች፤
ያን ጊዜ ነው ወተቱ የሚወርደው፣ ከቃሉ ኋላ።
ከእኛ ጋር አማርኛ፣ ከአባቴ ጋር ኦሮምኛ፤
ለላሞቿ ግን ሌላ አፍ አልነበራትም።
ያን ለስላሳ ድምፅ ለልጆቿ እንኳ ስትሰጥ አልሰማሁም።

ስድሳ ሰባት መጣ። መሬት ላራሹ ሆነ።
«እኔስ አራሽ አይደለሁም ወይ?» ብሎ ጠየቀ አሉ ኮፕከ።
መልስ የሰጠው የለም። ጥያቄው ቦዩ ውስጥ ቀረ፤
ክረምት ክረምት ይንሳፈፋል።
ያን ቀን አባቴ መሬት አገኘ፤
ያን ቀን አባቴ ጓደኛውን ሸኘ፤
ፊቱን ለየትኛው እንደሚያበጅ ግራ ገብቶት
ዞር አለና አጥር ማጥበቅ ጀመረ።

ኦቲልየ ሻንጣዋን አስጭና ወደ በረቱ ገባች።
መዳፏን ነጩ ግንባር ላይ አሳርፋ
«ደህና ሁኚ» አለቻት፣ በአማርኛ።
ለምን በአማርኛ? እንጃ። ሰው ሲሰናበት
የሚተወውን አገር ቃል ይዋሳል መሰለኝ።
ላሟ ቀና አላለችም። አማርኛ አታውቅም።

በማግስቱ ሊቀ መንበሩ፣ ጓድ ጉርሜሳ፣
በርጩማ ስቦ ሥሯ ተቀመጠ።
በአማርኛ ለመናት፣ በኦሮምኛ ለመናት፣
ሲብስበት መፈክር አሰማት።
ሊዝል ወተቷን ቋጥራ ቆመች፣ ግቷ እስኪያብጥ፣ ሁለት ቀን።
«አድኃሪ ላም» አለ አንዱ። ማንም አልሳቀም።
ከዚያ እኔ ተጠራሁ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ።
«የነሱን ቃል ታውቃለህ አሉ። በላት።»
ፈራሁ። ቃል ራሱ የተወረሰ ንብረት ይሆን?
አፌን ጆሮዋ ውስጥ ቀብሬ፣ ከሰው ጆሮ ሸሽጌ፣
«ኮም፣ ሊዝል፣ ኮም።»
ወረደ፣ እንደ ቦዩ ውሃ።
ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ሲል አሰፈረ፦
«ላሟ ነቅታለች።»

አሁን ሜዳው መጋዘን ነው፣ ፋብሪካ ነው፣
ቦዩ ከአስፋልት ሥር ጠፍቷል፤ ሐምሌ ሲገባ ግን
መኪኖቹን እስከ ጎማቸው ይዞ ይዋጃቸዋል።
አንዲት ላም አለችኝ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ፤
ለሊዝል ስንተኛ ትውልድ እንደሆነች ቁጥሩ ጠፍቶኛል።
ግንባሯ ነጭ ነው።
«አያቴ፣ ኮም ምንድን ነው?» ትለኛለች ሶሬቲ፣ የልጄ ልጅ።
«ነይ ማለት ነው።»
«ታዲያ ነይ አትላትም?»

ብያት ነበር፣ አንድ ሌሊት።
ወተቱ ወረደ፤ ጠብታም አልጎደለ።
ባልዲውን ይዤ ስወጣ ግን
ወደ የትኛው ቤት እንደምወስደው
ለጊዜው ጠፋኝ።